እምቢ ያለው ብራውዘር፦ የድረ ገጽ አለባበስ ታሪክና የመሐንዲስ ይሉኝታ

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና አመልካቾችን የሚመዘግብ ድረ ገጽ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገጹ ተሠርቶ በአለቆች ፊት ታየ፤ ተመስግኖም ሥራውን ጀመረ። የሁለተኛው ዙር ምዝገባ በተከፈተ በሳምንቱ ግን አንድ ሽማግሌ ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ገጻችሁ ፈርሷል፤ ጽሑፉ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ተዘርግፎ ነው የሚታየው። ሴት ልጄ ልትመዘገብ መጥታ የቱን እንደምትይዝ ቸገራት» አሉኝ። በፊቴ በነበረው ኮምፒዩተር ገጹን ብከፍተው እንደ ሙሽራ አጊጦ ወጣ። በምን እንደከፈቱት ጠየቅኋቸው፤ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ከኋላ «ፋየርፎክስ ነው» ሲል ተሰማኝ። «አባቴ፣ እንግዲያው ጥፋቱ የብራውዘሩ ነው፤ በሌላው፣ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይክፈቱት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የነገሩን እውነት ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲያበቃ «ምዝገባው ተጠናቅቋል» የሚል ማስታወቂያ በገጹ አናት ላይ ለጥፌ ነበር። ሁለተኛው ዙር ሲከፈት ማስታወቂያውን ከገጹ በማጥፋት ፈንታ በአለባበሱ ፋይል ውስጥ «አይታይ» የሚል አንድ መስመር ጽፌ ሸፈንሁት። አለባበሱ በማይደርስበት ብራውዘር ላይ ግን መሸፈኛው ስለ ወደቀ፣ አሮጌው ማስታወቂያ ከሁሉ በላይ ጐልቶ ይነበብ ነበር። የሽማግሌው ልጅ ያን አንብባ ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

አለባበሱስ በፋየርፎክስ ላይ ስለ ምን ሳይደርስ ቀረ? ፋይሉ በቦታው ነበር፤ መንገዱም ትክክል ነበር። ገጹን ወደ አዲስ ሰርቨር ስናዛውር ግን የፋይሎችን ዓይነት የሚያስታውቀው ዝርዝር ሳይዛወር በመቅረቱ፣ ሰርቨሩ የአለባበሱን ፋይል «ይህ ተራ ጽሑፍ ነው» እያለ ይልከው ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቃሉን ችላ ብሎ ፋይሉን እንደ አለባበስ ተጠቀመበት። ፋየርፎክስ ግን ሰርቨሩን በቃሉ ያዘውና «ተራ ጽሑፍ ከሆነ አልለብሰውም» አለ። ጥፋተኛ ያልሁት ብራውዘር ያላጠፋው፣ ወዳጅ መስሎ የታየኝም ስሕተቴን የደበቀብኝ ኖሯል።

አንዱ ለምን በዝምታ ተቀበለ? ሌላውስ ለምን እምቢ አለ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የድረ ገጽን አለባበስ ታሪክ ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል።

ገጽ ከነልብሱ አልተወለደም

እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል ሲሠሩ የድረ ገጽን ሐሳብ በማርች 1989 በጽሑፍ አቀረቡ። በ1990 መጨረሻም ኔክስት በተባለ ኮምፒዩተር ላይ የመጀመሪያውን ብራውዘር ሠሩ። የሥራው ዓላማ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ያለ ችግር እንዲለዋወጡ ስለ ነበር፣ ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. የተባለው ቋንቋ የሚናገረው «ይህ ርእስ ነው፤ ይህ አንቀጽ ነው፤ ይህ ዝርዝር ነው» እያለ ነው እንጂ «ይህ ቀይ ይሁን፤ ያኛው ከግራ ይራቅ» እያለ አልነበረም። የገጹን መልክ መወሰን የብራውዘሩ ፋንታ ነበር።

ይህ መለያየት ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በብራና መጻሕፍታችን ቃሉ የደራሲው ሲሆን፣ ቀይ ቀለሙን፣ የዓምዱን ስፋትና የሐረጉን ጌጥ የሚወስነው ቁም ጸሐፊው ነው። አንዱ መጽሐፍ በሁለት ገዳማት በተለያየ መልክ ቢጻፍም ቃሉ ያው አንድ ነው።

ነገር ግን ድረ ገጽ ከተመራማሪዎች እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝብ ሲደርስ፣ ደራሲዎቹ የገጻቸውን መልክ ራሳቸው መወሰን ፈለጉ። በ1993 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና ያዘጋጁት ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር አዋሕዶ ስላሳየ ፍላጎቱ ይበልጥ ተቀጣጠለ። ቆየት ብሎ የገበያው መሪ የሆነው ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የፊደልን መጠንና ቀለም የሚወስኑ ምልክቶችን በቋንቋው ውስጥ ይጨምር ጀመር። እንዲህ ሲሆን ቃልና ጌጥ ተደባለቁ፤ አንድን ቀለም ለመለወጥ መቶ ገጽ መፋቅ ግድ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በሰርን ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ ኦክቶበር 10 ቀን 1994 መፍትሔ ያለውን ሐሳብ አቀረበ። ገጹ ቃሉን ብቻ ይያዝ፤ የአለባበሱ ትእዛዝ ግን በሌላ ፋይል ይጻፍ የሚል ነበር። አርጎ የተባለ ብራውዘር ይሠራ የነበረው ኔዘርላንዳዊው በርት ቦስ ተባበረውና ሁለቱ በአንድነት ዛሬ ሲ.ኤስ.ኤስ. የምንለውን ቋንቋ አዘጋጁ። በስሙ ውስጥ ያለው «ካስኬዲንግ» የሚለው ቃል እንደ ፏፏቴ ደረጃ በደረጃ መውረድን ያመለክታል፤ የብራውዘሩ፣ የአንባቢውና የደራሲው ፈቃድ በሥርዓት እየተደራረበ በመጨረሻ አንድ ውሳኔ ይሆናል ማለት ነው። በ1994 የተመሠረተው የድረ ገጽ የደንብ ማኅበር፣ ደብልዩ ሦስት ሲ፣ የመጀመሪያውን ደንብ ዲሴምበር 17 ቀን 1996 አጸደቀው።

በደንቡ ውስጥ ኋላ ብዙ ነገር ያስከተለ አንድ ብልኅ ሐሳብ ነበር። ብራውዘሩ የማያውቀው ትእዛዝ ሲያጋጥመው ገጹን አያፈርስም፤ ያንን ትእዛዝ ብቻ ዘልሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የነገው ቋንቋ ዛሬ በተሠራ ብራውዘር ላይ ቢቀርብ ገጹ ጌጥ ይጎድለዋል እንጂ አይወድቅም። ይህ በደንብ የተጻፈ፣ ወሰኑም የታወቀ ትዕግሥት ነበር። ከዚህ በታች የምናየው ትዕግሥት ግን ደንብ የሌለው ነው።

ሁለት ኩባንያዎች፣ ሁለት ልክ

ማይክሮሶፍት በኦገስት 1996 ያወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3 ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ሲ.ኤስ.ኤስ.ን በከፊል መረዳት የጀመረ የመጀመሪያው የንግድ ብራውዘር ነው። ኔትስኬፕ በበኩሉ በጃቫስክሪፕት ላይ የተመሠረተ የራሱን የአለባበስ ቋንቋ አዘጋጅቶ ነበርና፣ በጁን 1997 የወጣው ኔትስኬፕ 4 የሲ.ኤስ.ኤስ.ን ትእዛዝ ወደ ጃቫስክሪፕት እየተረጐመ ይፈጽም ነበር። ከዚህም የተነሣ አስገራሚ ነገር ታየ፤ ተጠቃሚው ጃቫስክሪፕትን ሲያጠፋ የገጹ አለባበስ አብሮ ይጠፋ ነበር። ምስጢሩን ያላወቀ ባለሙያ በማይገናኙ ሁለት ነገሮች መካከል መንስኤ ሲፈልግ ይውል ነበር።

ትእዛዙ በደረሰበትም ጊዜ ልኩ አንድ አልነበረም። በደንቡ መሠረት የአንድ ሣጥን ስፋት 300 ነጥብ ነው ሲባል የሚለካው የውስጡ ይዘት ብቻ ነው። በሁለቱ ወገን 20፣ 20 ነጥብ የውስጥ ክፍተትና 5፣ 5 ነጥብ ጠርዝ ቢጨመርበት ሣጥኑ በጠቅላላው 350 ነጥብ ይይዛል። በዊንዶውስ ላይ እስከ 5.5 የነበሩት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረሮች ግን 300ውን የሚለኩት ከነጠርዙ ስለ ነበር ለይዘቱ የሚተርፈው 250 ነጥብ ብቻ ነበር። አንዱ አናጢ በሩን ከነመቃኑ፣ ሌላው ያለ መቃኑ ቢለካ በሩ ከቤቱ ጋር እንደማይገጥም ሁሉ፣ በአንዱ ብራውዘር የተስተካከለ ገጽ በሌላው ይጣመም ነበር።

ባለሙያዎችም ዘዴ ፈጠሩ። ኔትስኬፕ 4 አንድን የአለባበስ ፋይል ከሌላ ፋይል ውስጥ የሚጠራውን «ኢምፖርት» የተባለ ትእዛዝ አያውቅም ነበርና፣ የረቀቀውን አለባበስ ሁሉ ሆነ ብለው በዚያ መንገድ ያስጠሩት ጀመር። ኔትስኬፕ 4 የሚያቀርበው ገጽ እርቃኑን ቢሆንም ይነበብ ነበር፤ ሌሎቹ አጊጠው ይወጡ ነበር። አለባበስ በአንድ ብራውዘር ላይ እንዳይጫን ማድረግ ራሱ የሞያ ጥበብ የሆነበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ይህ ጥበብ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ገጹ አለባበሱ ቢወድቅ እንኳ እውነትን መናገር ነበረበት። እኔ በ2012 የዘነጋሁት ይህን ነው።

ሁኔታው ያስመረራቸው የገጽ አዘጋጆች በ1998 የድረ ገጽ ደንብ ዘመቻ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ኩባንያዎቹ ደንቡን እንዲያከብሩ መወትወት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ቶድ ፋርነር ብራውዘሮች ለሲ.ኤስ.ኤስ. ያላቸውን ታማኝነት የሚፈትን አሲድ የተሰኘ መፈተኛ ገጽ አቀረበ።

በገጹ ራስ ላይ ያለው መስመር

ደንቡን ማክበር ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ኩባንያ ብራውዘሩን ቢያርም፣ በቀድሞው ስሕተት ላይ ተመሥርተው የተሠሩት እልፍ አእላፍ ገጾች በአንድ ሌሊት ይበላሻሉ። ለዚህ እንቆቅልሽ መፍትሔ ያመነጨው ያው ፋርነር ነው። በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ገጽ ራስ ላይ ገጹ በየትኛው ደንብ እንደ ተጻፈ የሚገልጽ፣ ዶክታይፕ የሚባል መስመር አለ። አሮጌ ገጾች ይህን መስመር ብዙ ጊዜ አይጽፉትም። ስለዚህ መስመሩ ተስተካክሎ ከተጻፈ ገጹ በደንቡ፣ ካልተጻፈ ግን በጥንቱ ልማድ ይታይ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህንንም ታንቴክ ቼሊክ በማርች 2000 ለማኪንቶሽ በወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ላይ በሥራ አዋለው። ሞዚላም፣ በ2001 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ም ያንኑ ተከተሉ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእያንዳንዱ ብራውዘር ውስጥ ሁለት ዳኞች ይኖራሉ፤ አንዱ በልማድ፣ አንዱ በሕግ የሚፈርድ። የትኛው እንደሚቀመጥ የሚወስነው ብዙ ሰው የማያነበው ያ አንድ መስመር ነው።

በፖስታው ላይ የተጻፈው ቃል

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ሥር ደርሰናል። ሰርቨር ለብራውዘር ፋይል ሲልክ ከፋይሉ አስቀድሞ አጭር መግለጫ ይልካል፤ በመግለጫው ውስጥ የፋይሉን ዓይነት የሚያመለክት «ኮንቴንት ታይፕ» የሚባል ቃል አለ። በፖስታ ላይ ተጽፎ በውስጡ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ መኖሩን እንደሚያስታውቅ ጽሑፍ ልንቈጥረው እንችላለን። ይህ ሥርዓት የመጣው ከኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ነው። ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ በጁን 1992 ማይም የተባለውን ደንብ ሲያወጡ በደብዳቤ ውስጥ ድምፅና ሥዕል እንዲላክ አስበው ነበር፤ ድረ ገጽም ያንኑ ወረሰ። ለሲ.ኤስ.ኤስ. የተመደበው ቃል «ቴክስት/ሲ.ኤስ.ኤስ.» ሲሆን የተመዘገበው በማርች 1998 ነው። ለተራ ጽሑፍ የተሰጠው ቃል ደግሞ «ቴክስት/ፕሌይን» ነው።

በ1995 የተጀመረውና በዓለም እጅግ የተስፋፋው አፓቺ የተባለው ሰርቨር፣ እስከ 2.2 ባለው ትውልዱ የሚያውቃቸውን ፋይሎች በየስማቸው እየጠራ ሲልክ፣ የማያውቀውን ሁሉ «ቴክስት/ፕሌይን» ብሎ የመላክ ልማድ ነበረው። ሰርቨሩን ያቋቋመው ባለሙያ ዝርዝሩን ካላሟላ፣ የፖስታው ጽሑፍና የውስጡ ነገር አይገናኙም። ደንቡ ለዚህ መልስ ነበረው። በጁን 1999 በወጣው የኤች.ቲ.ቲ.ፒ. 1.1 ደንብ መሠረት ተቀባዩ የፋይሉን ይዘት አይቶ ዓይነቱን መገመት የሚፈቀድለት የዓይነቱ ቃል ጨርሶ ካልተጻፈ ብቻ ነው። የተጻፈውን ቃል ሽሮ የራሱን ግምት እንዲያስቀድም አልተፈቀደለትም።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን ይገምት ነበር። ቃሉ «ተራ ጽሑፍ» ቢልም ገጹ ፋይሉን ለአለባበስ ከጠራው አለባበስ ነው ብሎ ይወስደዋል። ክፋት አልነበረበትም፤ እንግዳው እንዳያፍር ሲል የወጡን ጨው ማነስ ሳይናገር እንደሚበላ ጨዋ ሰው መሆኑ ነበር። በእኛ ቋንቋ ይህ ጠባይ ስም አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ለይሉኝታውም ታላቅ አባት አይጠፋለትም። ጆን ፖስቴል በ1980 በጻፉት የቲ.ሲ.ፒ. ደንብ ውስጥ መሣሪያ ሁሉ በሚልከው ጥንቁቅ፣ በሚቀበለው ግን ቸር እንዲሆን መክረዋል። ኢንተርኔት በዚህ ቸርነት ማደጉን የሚክድ የለም። ችግሩ ብዙዎች የምክሩን ሁለተኛ ግማሽ ይዘው የመጀመሪያውን መጣላቸው ነው፤ ተቀባዩ ቸር በሆነ መጠን ላኪው ግድየለሽ ሆነ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከ100 ተጠቃሚዎች ከ90 የሚበልጡት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይጠቀሙ ስለ ነበር፣ ግድየለሽነቱን የሚያጋልጥ አልነበረም። ስድስተኛው እትም በ2001 ከወጣ በኋላ ሰባተኛው እስከ ኦክቶበር 2006 ድረስ አልወጣም። በእነዚህ አምስት ዓመታት «በእኔ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል» የሚለው አባባል የሞያው መፈክር እስኪመስል ድረስ ተለመደ።

እምቢ የማለት ድፍረት የመጣው ከተሸናፊው ወገን ነው። ኔትስኬፕ በገበያው ሲሸነፍ የብራውዘሩን ምንጭ ጽሑፍ ማርች 31 ቀን 1998 ለሕዝብ ከፈተው፤ ሞዚላ የተባለው ሥራም በዚሁ ተጀመረ። ሞዚላ 1.0 በጁን 2002፣ ከእርሱ የተወለደው ፋየርፎክስ 1.0 ደግሞ በኖቬምበር 2004 ወጣ። ሞዚላዎች የወሰዱት አቋም ግልጽ ነበር። ገጹ በጥንቱ ልማድ የሚታይ ከሆነ ስሕተቱን እንታገሣለን፤ በዶክታይፑ «እኔ ደንብ አክባሪ ነኝ» ካለ ግን «ቴክስት/ሲ.ኤስ.ኤስ.» ተብሎ ያልተላከ ፋይል አለባበስ አይሆንለትም አሉ። ይህ ለአነስተኛ ብራውዘር ከባድ ውሳኔ ነበር። ገጹ ተበላሽቶ ያየ ተጠቃሚ ሰርቨሩን አይከስም፤ ብራውዘሩን ይከሳል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ይሉኝታ ሌባ ሲያስገባ

ብዙ ዘመን ይህ ጥብቅነት የደንብ ፍቅር ብቻ ይመስል ነበር። የጸጥታ ጉዳይ መሆኑ የተገለጠው ኋላ ነው። በ2010 ሊን ሹንግ ሁዋንግ፣ ዛክ ዋይንበርግ፣ ክሪስ ኤቫንስና ኮሊን ጃክሰን ባቀረቡት ጥናት፣ ቸርነት ሌባ የሚገባበት መስኮት ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። አሠራሩ እንደዚህ ነው፦ ክፉ ሰው በራሱ ገጽ ላይ የሌላ ድርጅትን ገጽ፣ ለምሳሌ የተጠቃሚውን የደብዳቤ ሣጥን፣ «ይህ አለባበሴ ነው» ብሎ ይጠራዋል። ብራውዘሩ የተጠቃሚውን መታወቂያ ይዞ ስለሚሄድ እውነተኛው ገጽ ይመጣል። ገጹ ሲ.ኤስ.ኤስ. ባይሆንም ገማቹ ብራውዘር እንደ ሲ.ኤስ.ኤስ. ማንበብ ይጀምራል፤ ያልገባውን ሁሉ እየዘለለም ይሄዳል። ክፉው ሰው አስቀድሞ በላከው ደብዳቤ ርእስ ውስጥ የሲ.ኤስ.ኤስ. ትእዛዝ የሚመስል ቅንጣት ከትቶ ከሆነ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምስጢር የትእዛዙ ክፍል ሆኖ በእጁ ይገባል።

ከላይ ያመሰገንነው የተጻፈ ትዕግሥትና ያልተጻፈው ግምት ሲገናኙ የወለዱት ይህን ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም ጉዳት ያለው አይመስልም ነበር። ታላላቆቹ ብራውዘሮችም መድኃኒቱ የፖስታውን ቃል ማክበር መሆኑን ተቀብለው፣ ከሌላ ድርጅት ሰርቨር የመጣ ፋይል በትክክለኛ ስሙ ካልተላከ አለባበስ አይሆንም አሉ። ሲገምት የኖረው ማይክሮሶፍት ራሱ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ላይ ሰርቨሩ «አትገምት» ብሎ የሚያዝበትን ቃል አመጣ። በ2011 በወጣው በዘጠነኛው እትም ደግሞ ደንብ አክባሪ ለሆኑ ገጾች እንደ ሞዚላ ጥብቅ ሆነ። በጁን 2023 የኢንተርኔት አወቃቀር ቦርድ ባወጣው ጽሑፍም ማርቲን ቶምሰንና ዴቪድ ስኪናዚ፣ በዝምታ የታለፈ ስሕተት እየሰነበተ ሊነቀል የማይችል ልማድ እንደሚሆን አስጠነቀቁ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ራሱ በጁን 15 ቀን 2022 ከአገልግሎት ተሰናብቷል፤ ፋየርፎክስ የያዘው አቋም ግን የሁሉም ደንብ ሆኖ ቀርቷል።

የፊደላችን ዕዳ

ለአማርኛ አንባቢ የአለባበስ መውደቅ ከጌጥ መጉደል ያለፈ ነገር ነበር። የግዕዝ ፊደል በሴፕቴምበር 1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ የአማርኛ ገጾች የሚጻፉት የላቲን ፊደላትን ቍጥር በመዋስ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክት ሲሆን፣ ግዕዝ መስሎ የሚታየው ገጹ በስም የሚጠራው ፎንት በተጠቃሚው ዘንድ ሲኖር ብቻ ነው። የፎንቱ ትእዛዝ ካልደረሰ፣ ወይም ብራውዘሩ ካልተቀበለው፣ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። በሌላው ዓለም ልብስ የነበረው ነገር ለእኛ ቃሉ ራሱ ነበር።

ዩኒኮድ ቃልን ከልብስ ለየልን። ይሁን እንጂ በዊንዶውስ ኤክስ.ፒ. ውስጥ የግዕዝ ፎንት አብሮ ስለማይመጣ፣ ኒያላ የተባለው ፎንት በ2007 ለገበያ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እስኪመጣ ድረስ ብዙ አንባቢ ባዶ ሣጥኖችን ሲያይ ኖሯል። መፍትሔው ፎንቱን ከገጹ ጋር መላክ ሆነ። ሳፋሪ 3.1 በማርች 2008፣ ፋየርፎክስ 3.5 ደግሞ በጁን 2009 ይህን ፈቀዱ። ፋየርፎክስ ግን ፎንቱ ከሌላ ሰርቨር የመጣ እንደ ሆነ የዚያ ሰርቨር ግልጽ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ሳፋሪ በወቅቱ ይህን አልጠየቀም። ስለዚህ ፎንቱን በሌላ ሰርቨር ያስቀመጠ የአማርኛ ገጽ አዘጋጅ ገጹን በሳፋሪ ሲያነብ፣ በፋየርፎክስ የከፈተው አንባቢ ፎንቱን አያገኘውም ነበር። በዚህም ጊዜ የተወቀሰው እምቢ ያለው ነው። ውሎ አድሮ ግን የእርሱ ጥያቄ በሲ.ኤስ.ኤስ. የፎንት ደንብ ውስጥ ተጻፈ።

ለሞያ ባልደረቦቼ

ከዚህ ታሪክ የምንቀስመው የሥራ ሥርዓት አለ። የአንድ ገጽ አለባበስ በአንድ ብራውዘር ላይ ሲወድቅ ምንም ነገር ከመለወጣችን በፊት የብራውዘሩን የስሕተት መዝገብ፣ ኮንሶል የሚባለውን፣ ማንበብ ይገባናል። እኔ ሦስት ሳምንት የፈጀሁበትን ጥፋት ፋየርፎክስ በመጀመሪያው ቀን በአንድ መስመር ጽፎት ነበር፤ መዝገቡን የከፈተ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ ፋይሉ በእርግጥ መድረሱን እንጠይቅ። በዊንዶውስ ላይ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ሳይለይ የተከፈተ ፋይል በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሊጠፋ ይችላል። አንዱ ብራውዘር ግን ቀድሞ ያስቀመጠውን ቅጂ እያሳየ ሁሉ ሰላም እንደ ሆነ ሊሸነግለን ይችላል። ፋይሉ ከደረሰ በምን ስም እንደ ተላከ እንይ፤ ከዚያም ዶክታይፑን እንመርምር። ገጹ በተመሰጠረው በኤች.ቲ.ቲ.ፒ.ኤስ. መንገድ ሲመጣ አለባበሱ ባልተመሰጠረው መንገድ የተጠራ እንደ ሆነም እንጠይቅ፤ ፋየርፎክስ ከኦገስት 2013 ጀምሮ፣ ከ23ኛው እትም አንሥቶ፣ እንዲህ ያለውን ይከለክላል። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ብቻ ወደ ፋይሉ ውስጥ እንግባ። በነጠላ ሰረዝ ከተያያዙ መምረጫዎች አንዱን ብራውዘሩ ካላወቀው ትእዛዙን በሙሉ እንደሚጥለው ማስታወስ ይጠቅማል።

ከሥርዓቱ በላይ ግን ልማዳችንን መመርመር ያሻል። በአንዱ ሠርቶ በሌላው እምቢ ሲል እኛ የምንፈርደው በእምቢ ባዩ ላይ ነው። ነገር ግን ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ የሚያስደስተንን መርጦ ሌላውን ማባረር የዳኛ ሥራ አይደለም፤ የመሐንዲስም አይደለም። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» የሚለው ብሂል ስለ ሰው የተነገረ ቢሆንም፣ ያ ብራውዘር ስንት ጊዜ ከደጅ እንዳደረ ሳስብ ለእርሱም የተነገረ ይመስለኛል።

የእኔ ጥፋት የታረመው በሰርቨሩ ማዘዣ ውስጥ በተጨመረ አንድ መስመር ነው። አሮጌውን ማስታወቂያም በዚያው ቀን ከገጹ ፈጽሜ አጠፋሁት። ከዚያ የስልኩን ቍጥር ፈልጌ ለሽማግሌው ደወልሁ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበረና ገጹ አሁን መስተካከሉን ነገርኋቸው። የዙሩ ምዝገባ ካበቃ አምስተኛ ቀኑ ነበር። «ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ያን ቀን እኮ ነግሬህ ነበር»።